ከክረምት በፊት አሸንዳ ማጽዳት፦ ራሳችሁ፣ የቀን ሠራተኛ፣ አሸንዳ ሠሪ ወይስ ወንፊት?

ግንቦት ሲጋመስ ስለ ጣሪያ ማሰብ ይጀመራል። አንዱ ከጎረቤት መሰላል ይዋሳል። ሌላው አደባባይ ሄዶ የቀን ሠራተኛ ይዞ ይመጣል። አንዱን «አሸንዳው ላይ ቅጠል የሚያስቀር ወንፊት አስገጥመህ ተገላገል» ይሉታል፣ ሌላውን «አሸንዳውን ራሱን ቀይረው» ይሉታል። ምክሩ ብዙ ነው፣ እርስ በርሱም ይጋጫል። አብዛኛው ሰው በመጨረሻ ርካሹን ወይም መጀመሪያ የተገኘውን ይመርጣል፤ ሐምሌ ላይ ኮርኒሱ ቡናማ ቀለበት ሲያወጣ ነው ነገሩን በደንብ ማሰብ እንደነበረበት ትዝ የሚለው።

እዚህ አማራጮቹን አንድ በአንድ እናያለን። በልቤ ይዤ የምጽፈው አዲስ አበባንና መሰል ደጋ ከተሞችን ነው፦ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የላሜራ ወይም የፒቪሲ አሸንዳ፣ አጥሩ ዳር ባህር ዛፍ ወይም ግራቪሊያ ያለበት ግቢ። የብር ዋጋ አልጻፍኩም። ዋጋ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል፣ ከወር ወር ይቀየራል፣ ዛሬ የጻፍኩት ቁጥር ከርሞ ያሳስታችኋል። የትኛው ከየትኛው እንደሚወደድና ለምን እንደሚወደድ ግን እናገራለሁ።

አቋሜን ከመጀመሪያው ላስቀምጥ። ቅጠሉ ስለተለቀመ ብቻ አሸንዳ ጸዳ አይባልም። ከላይ የደፋችሁት ባልዲ ውኃ በአሸንዳው ሄዶ፣ በመውረጃው ቧንቧ ወርዶ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ መውጣት አለበት። ሁሉንም አማራጭ የመዘንኩት በዚህ ነው።

ስንት ውኃ ነው የምናወራው?

አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ግማሽ የሚጠጋው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይወርዳል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ስለዚህ 120 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ቤት በእነዚህ ሁለት ወራት ብቻ 60,000 ሊትር አካባቢ ይቀበላል። 10,000 ሊትር የሚይዝ የውኃ ቦቴ ስድስት ጊዜ መጥቶ ጣሪያችሁ ላይ እንደደፋ ቁጠሩት።

ይሄ ሁሉ ውኃ የሚያልፈው ስፋቱ ከመዳፍ ብዙም በማይበልጥ አሸንዳና በአንድ ወይም በሁለት ቧንቧ ነው። የቧንቧው አፍ ላይ አንድ ፌስታል ወይም አንድ እፍኝ ቅጠል ከተቀመጠ ውኃው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ወደ ፊት ዘልሎ የግድግዳውን እግር ይመታል። ወደ ኋላ ተመልሶ በቆርቆሮው ስር ወደ ኮርኒሱ ይገባል። ወይም እዚያው ተኝቶ ማንጠልጠያውን በክብደቱ ይጎትታል፣ ላሜራውንም ያዝጋል። በረዶ ሲጥል ደግሞ ይብሳል፤ አሸንዳው በቅጠል ግማሽ ከተሞላ በረዶው የቀረውን ይደፍነዋል፣ ከኋላው የሚመጣው ዝናብም በቀጥታ ወደ ቤት ነው የሚዞረው። በበልግ ማብቂያና በክረምት መግቢያ ላይ «ጣሪያው እኮ አዲስ ነው፣ ለምን አፈሰሰ?» የሚያሰኘው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ቆርቆሮው ምንም አልሆነም። አሸንዳው ነው የተደፈነው።

ዋልካ አፈር ላይ የተሠራ ቤት ያላችሁ ደግሞ የባሰ መጠንቀቅ አለባችሁ። በቦሌና በአቃቂ በኩል እንዲህ ያለ አፈር ብዙ ነው። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ላይ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከአሸንዳው የሚዘለው ውኃ ሁልጊዜ አንድ ጥግ ላይ ከሆነ የሚወርደው ያ ጥግ ብቻ ያብጣል፣ ሌላው ባለበት ይቀራል። ከዚያ ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ይመጣል። ስንጥቁን በጀሶ ትደፍኑታላችሁ፣ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ይከፈታል።

በምን እንመዝን?

መጀመሪያ ቁመት። ፎቅ የሌለው ቤትና ጂ ፕላስ ቱ አንድ ዓይነት ሥራ አይደሉም። ከሁለተኛ ፎቅ የሚወድቅ ሰው አይተርፍም ብላችሁ ነው መነሳት ያለባችሁ።

ሁለተኛ የአሸንዳው ዓይነት። ከጣሪያው ጠርዝ ላይ ወደ ውጭ የተንጠለጠለ ነው ወይስ በግንብ ከለላው ጀርባ የተደበቀ? የተንጠለጠለው ሲደፈን ውኃው አብዛኛውን ወደ ውጭ ይፈሳል። የተደበቀው ሲደፈን ወደ ቤት ይፈሳል። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው፣ ለብቻው እመለስበታለሁ።

ሦስተኛ የሚወርደው ቆሻሻ። ባህር ዛፍ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ይጥላል። ግራቪሊያ ቅጠሉ ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ስለሆነ እርስ በርሱ ይተበተባል። ጃካራንዳ በበጋ ቅጠሉን፣ ቀጥሎ አበባውን ያራግፋል። ዛፍ የሌለው ሰፈርም ነፃ አይደለም፤ አጠገባችሁ ሕንፃ እየተሠራ ከሆነ የሲሚንቶና የአሸዋ ብናኝ አሸንዳው ውስጥ ገብቶ በመጀመሪያው ካፊያ ይረጋል፣ ሲደርቅ እንደ ልስን ይጠነክራል።

ከዚያ ቧንቧው። አማራጩ አሸንዳውን ብቻ ነው ወይስ መውረጃውንም ያጸዳል? መዘጋት የሚብሰው አፉ ላይና ክርኑ (መታጠፊያው) ላይ ነው።

የዓመት ወጪም አለ። የአንድ ጊዜ ዋጋ አታወዳድሩ። ዘንድሮ ርካሽ የሆነው በዓመት ሦስት ጊዜ የሚደገም ከሆነ ሒሳቡ ይቀየራል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ተጠያቂነት፦ ሥራው ካልሆነ ወይም ሰው ከወደቀ ማን ይጠየቃል?

በራስ ማጽዳት

ፎቅ የሌለው ቤት ካላችሁ፣ ጉልበታችሁም ደህና ከሆነ፣ ከሁሉም የምመርጠው ይሄን ነው። ምክንያቱ ርካሽ መሆኑ ብቻ አይደለም። የራሳችሁን ጣሪያ ስታዩ የላላውን ምስማር፣ የዛገውን መገጣጠሚያ፣ የበሰበሰውን የጠርዝ ጣውላ አብራችሁ ታያላችሁ፤ ሌላ ሰው አይቶ አይነግራችሁም።

የሚያስፈልገው መሰላል፣ ጓንት፣ ገመድ የታሰረበት ባልዲና የውኃ ጎማ ነው። መዛቂያ መግዛት የለባችሁም። ያረጀ የዘይት ጀሪካን በሰያፍ ቁረጡና እጀታውን ይዛችሁ ዛቁበት። ከብረት አካፋ ይሻላል፤ ብረት የላሜራውን ዚንክ ይፍቃል፣ ዚንኩ የተፋቀበት ቦታ ቀድሞ ይዝጋል።

ከመውረጃው ቧንቧ ራቅ ካለው ጫፍ ጀምሩ፣ ወደ ቧንቧው አትግፉ። ቆሻሻውን በባልዲ አውርዱ እንጂ በውኃ ወደ ቧንቧው አትስደዱት። ቧንቧው ከተደፈነም በአርማታ ብረት አትውጉት፣ የፒቪሲው ክርን ይሰበራል። የታችኛውን ክርን ፈትታችሁ ጎማውን ከታች ወደ ላይ ብትለቁት አብዛኛውን ጊዜ ይከፈታል።

መሰላሉን በተመለከተ አጥብቄ የምለው አለ። በየአራት ሜትር ቁመት እግሩ ከግድግዳው አንድ ሜትር ይራቅ። አሸንዳው ላይ አታስደግፉት፤ ላሜራ ይጨማደዳል፣ ፒቪሲ ይሰነጠቃል፣ መሰላሉም ይንሸራተታል። በምስማር የተመታ የባህር ዛፍ መሰላል ከሆነ መርገጫዎቹን አንድ በአንድ እየነቀነቃችሁ ፈትሹ። ከታች የሚይዝ ሰው ይኑር። ከምሰሶ ወደ ቤት የሚገባው የመብራት ሽቦ ብዙ ቤት ላይ ልክ ጣሪያው ጠርዝ ጋ ስለሚታሰር በዚያ በኩል የብረት መሰላል አታስጠጉ። ቆርቆሮው ላይ መውጣት ግድ ከሆነ ምስማሩ የተመታበትን መስመር ርገጡ፣ ከስሩ እንጨት ያለው እዚያ ነው። ብርሃን እንዲገባ ተብሎ የተገጠመውን የፕላስቲክ ቆርቆሮ ግን በፍጹም አትርገጡት፤ ፀሐይ አድርቆታል፣ የሰው ክብደት አይችልም። የረጠበ ቆርቆሮ ላይ ማንም አይውጣ።

የዚህ አማራጭ ድክመት አንድ ነው፦ «ቅዳሜ እሠራዋለሁ» እየተባለ ሰኔ ይገባል።

የቀን ሠራተኛ

ከራስ ቀጥሎ ርካሹ ይሄ ነው፣ በተመሳሳይ ቀን ያልቃል። ጎበዝ ሠራተኛ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ግን ብዙውን ጊዜ የሚጸዳው የሚታየው ነው። ቅጠሉ ይለቀማል፣ ደቃቁ ጭቃ በውኃ ወደ ቧንቧው ይሸኛል፣ ላዩ ያብረቀርቃል። ቧንቧው ግን ከበፊቱ የባሰ ታፍኗል። ሠራተኛውን አልወቅስም፤ «አሸንዳ ጥረግ» ነው የተባለው፣ ጠረገ።

ስለዚህ ስምምነቱን በውጤት አድርጉት። «አሸንዳውን አጽዳ፣ ቧንቧውን ክፈት፣ በባልዲ እንፈትሻለን፣ ከዚያ ሒሳብ» በሉት። ከመጀመሩ በፊት የቧንቧውን አፍ በጨርቅ ይድፈነው፣ ሲጨርስ ጨርቁን ራሳችሁ ተቀበሉት። የት እንደሚረግጥ ንገሩት። ቆርቆሮው መሀል ላይ የረገጠ ሰው ምስማር ያላላል፣ ያኔ ጽዳቱ ራሱ አዲስ ፍሳሽ ያመጣባችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ እሱን ሳልናገር አላልፍም። የቀን ሠራተኛ ሲወድቅ መድን የለውም። የተሰበረ እግር ማለት ለወራት ምግብ የሌለው ቤት ማለት ነው። ፎቅ ላይ ያለ ቀበቶና ያለ ገመድ ማንንም አታስወጡ። «ለምጄዋለሁ ጋሼ፣ ችግር የለም» ቢላችሁም አታስወጡት። ያን ያህል ገንዘብ መቆጠብ አይገባም።

አሸንዳ ሠሪው

በቆርቆሮ ሥራ ቤቱ ውስጥ ላሜራ እያጠፈ አሸንዳ የሚሠራው ባለሙያ ማለቴ ነው። ከቀን ሠራተኛው ይወደዳል፣ ግን ጽዳትና ጥገና አብሮ ይሠራል። መገጣጠሚያ ያሽጋል፣ ማንጠልጠያ ይቀይራል፣ ከሁሉም በላይ ተዳፋቱን ያስተካክላል። አሸንዳ በአንድ ሜትር 5 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ቧንቧው ማዘንበል አለበት። በአሥር ሜትር ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። አሸንዳችሁ ከጸዳ በኋላም መሀሉ ላይ ውኃ የሚተኛ ከሆነ ችግሩ ቆሻሻው አይደለም፣ ተዳፋቱ ነው፤ እሱን የቀን ሠራተኛ አይፈታላችሁም።

የሚተኛ ውኃ ሞቅ ባሉ ከተሞች ላይ ሌላ ጣጣም አለው። ትንኝ ይራባበታል። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ ወረርሽኝ አይታለች፣ ያን በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ ደግሞ እንዲህ ባለ ቤት አካባቢ በሚጠራቀም ትንሽ ውኃ ውስጥ ነው የምትፈለፈለው። ድሬ፣ ሐዋሳ ወይም አዳማ ላላችሁ አሸንዳ ማጽዳት የጤናም ጉዳይ ነው።

ወደ ባለሙያው ልመለስ። ድክመቱ ግልጽ ነው፦ ኑሮው አዲስ አሸንዳ መሸጥ ላይ ነው። «ይሄማ አልቋል» ሲላችሁ ራሳችሁ ፈትሹ። አሸንዳው ሲደርቅ ከውስጥ በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ጫኑት። ብዙ ቦታ የሚበሳ ከሆነ እውነቱን ነው፣ ይቀየር። ላዩ ብቻ የዛገና መገጣጠሚያው የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን ማሸግ ይበቃዋል። ሲሊኮን በደረቀና በተፋቀ ላሜራ ላይ ነው የሚይዘው፤ እርጥብ ጭቃ ላይ የተቀባ ሲሊኮን ለመስከረም አይደርስም። ስለዚህ ይሄን ሥራ ሚያዝያ ላይ አሠሩት። ሰኔ ላይ ሁሉም ሰው አሸንዳ ሠሪ ስለሚፈልግ ዋጋው ይወጣል፣ ደረቅ ቀንም አታገኙም።

የጽዳት ድርጅት

ጂ ፕላስ ዋንና ከዚያ በላይ ለሆነ ቤት፣ ለሆቴል፣ ለትምህርት ቤት፣ ለጋራ ሕንፃ የሚያዋጣው ይሄ ነው። ከሁሉም ውድ ነው። የምትከፍሉት ለጽዳቱ ብቻ ሳይሆን ለቀበቶው፣ ለገመዱ፣ ለውሉና ለተጠያቂነቱ ጭምር ነው። ካልተሟሉ ግን በድርጅት ዋጋ የቀን ሠራተኛ ነው የቀጠራችሁት። ብዙዎቹ መስታወትና ወለል ላይ የተካኑ ናቸው፣ ስለዚህ በግልጽ ጠይቁ። ቧንቧው ይካተታል ወይ? ሠራተኞቹ መድን አላቸው ወይ? ከሥራው በፊትና በኋላ ፎቶ ይሰጣሉ ወይ? ለአንዱ እንኳን የተንሻፈፈ መልስ ከሰጡ ወደ ሌላ ሂዱ።

ወንፊት

ይሄኛው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም በብዛት የሚሸጠው «ከእንግዲህ አታጸዱም» ተብሎ ነው። ያ ትክክል አይደለም።

ወንፊት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የቧንቧው አፍ ላይ ብቻ የሚቀመጥ የሽቦ ቅርጫት ነው። ሁለተኛው አሸንዳውን በሙሉ የሚሸፍን ሽቦ ወይም የተበሳ ላሜራ።

ቅርጫቱን ለሁሉም ሰው እመክራለሁ። ዋጋው ትንሽ ነው፣ አሸንዳ ሠሪዎቹ ከሽቦ ይሠሩላችኋል፣ ፌስታሉንና ቅርንጫፉን ከቧንቧው ያስቀራል። ዙሪያው ቅጠል ይከማቻል፣ እሱን በእጅ ማንሳት ከቧንቧ ውስጥ ከማውጣት በእጅጉ ይቀላል። ጉልላት ያለውን ምረጡ፤ ጠፍጣፋው በአንድ ሰፊ ቅጠል ይደፈናል።

ሙሉ ሽፋኑ ግን እንደ ዛፋችሁ ነው። የዶሮ ሽቦ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ቀጭን ረጅሙ የባህር ዛፍ ቅጠል በቁሙ ያልፍበታል፣ ግማሹ ተሰክቶ ይቀራል። በጣም ጥቅጥቅ ያለ የትንኝ ወንፊት ብታደርጉ ደግሞ አቧራና የአበባ ብናኝ ይለብሰዋል፣ ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ውኃው ላዩ ላይ ተንሸራቶ ወደ ግቢ ይዘላል። ግራቪሊያ ሽቦው ላይ ተተብትቦ ምንጣፍ ይሠራል። በዚያ ላይ ሽፋኑ አንዴ ከተገጠመ ከስሩ ያለውን ጭቃ ለማውጣት መፍታት አለባችሁ፤ ሰው ይሰንፋል፣ ሁለት ሦስት ክረምት ሳይፈታ ይከርማል፣ አሸንዳው ከስር ይበሰብሳል። ሰፋፊ ቅጠል ያለው ዛፍ፣ ለምሳሌ አቮካዶ ወይም ዋንዛ፣ ጣሪያችሁ ላይ ካጠላ ሙሉ ሽፋን ይረዳል። ለባህር ዛፍና ለግራቪሊያ ግን በዚያ ገንዘብ የተንጠለጠለውን ቅርንጫፍ አስቆርጡ። ባህር ዛፉ የጎረቤት ከሆነ ቡና አፍልታችሁ ተነጋገሩ፣ ክረምት ሳይገባ።

መቀየር ወይም ጭራሽ ማንሳት

ጽዳቱ በትክክል ተሠርቶ፣ ቧንቧው ተከፍቶ፣ አሁንም በኃይለኛ ዝናብ የሚዘል ከሆነ አሸንዳው ወይም ቧንቧው አንሷል ማለት ነው። ለግምት የሚያገለግል ቀላል ሒሳብ አለ፦ ለአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር የቧንቧ ቀዳዳ። 75 ሚሊ ሜትር የሆነው ፒቪሲ 40 ካሬ ሜትር ያህል ጣሪያ ይችላል፣ 110 ሚሊ ሜትሩ 90 አካባቢ። ብዙ ቤት 120 ካሬ ሜትር ጣሪያ በአንድ ባለ 75 ቧንቧ ያወርዳል፤ ያ ቤት ቢጸዳም ይዘላል። ሙሉውን አሸንዳ ከመቀየራችሁ በፊት ሌላኛው ጫፍ ላይ ሁለተኛ መውረጃ ጨምሩ። በጣም ይረክሳል።

ቁሳቁሱን በአጭሩ፦ ላሜራ ይዝጋል ግን ይጠገናል፣ የትም ሰፈር ሠሪ አለው። ፒቪሲ አይዝግም፣ ፀሐይ ግን ያደርቀዋል፣ በረዶ ሊሰነጥቀው ይችላል።

አሸንዳ የሌላቸው አሮጌ ቤቶችም በደህና የቆሙ አሉ። ጣሪያቸው ወደ ውጭ በደንብ የወጣ ነው፣ ከስሩ ድንጋይ የተነጠፈበት ቦይ አለ፣ ቦዩ ውኃውን ከግቢ ያወጣዋል። ግቢያችሁ ተዳፋት ከሆነና ቦታ ካላችሁ ይሄም ምርጫ ነው። አጥር ለአጥር በተጠጋ ግቢ ግን አይሆንም፣ ውኃው ጎረቤት ግድግዳ ላይ ነው የሚያርፈው።

የተደበቀ አሸንዳ ላላችሁ

ከፊት ሲታይ ጣሪያ የሌለው የሚመስል፣ በግንብ የተከለለ ቤት አለ አይደል? ከከለላው ጀርባ የኮንክሪት ወይም የላሜራ አሸንዳ አለው። ከመሬት ስለማይታይ ማንም አያስታውሰውም። ሲደፈን ግንቡ ውኃውን እንደ ገንዳ ይይዘዋል፣ ከፍ ሲል በቆርቆሮው ጠርዝ አልፎ ኮርኒስ ላይ ይወርዳል። የጂብሰም ኮርኒስ ከሆነ ቁራጩ እንዳለ ሊወርድ ይችላል።

እንዲህ ያለ ቤት ካላችሁ ከማንኛውም አማራጭ በፊት አንድ ሥራ አሠሩ፦ መትረፊያ። ከለላውን በስቶ ወደ ውጭ የሚወጣ አጭር ቧንቧ ነው፣ ከአሸንዳው ወለል ከፍ ብሎ ከቆርቆሮው ጠርዝ ግን ዝቅ ብሎ የሚቀመጥ። ዋናው መውረጃ ሲዘጋ ውኃው በዚያ ወደ ውጭ ይተፋል። ግድግዳው ላይ ሲፈስ ታዩታላችሁ፣ ያኔ መደፈኑን ታውቃላችሁ። የአንድ ሰዓት ሥራና የአንድ ቁራጭ ቧንቧ ዋጋ ነው። ኮርኒስ ከማሳደስ ጋር አይወዳደርም።

ጠቅለል ባለ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | ወጪ | የሚሆንለት ቁመት | ቧንቧውንም ያጸዳል? | ይጠግናል? | በዓመት ስንት ጊዜ |
|---|---|---|---|---|---|
| ራስ | በጣም ዝቅተኛ | ፎቅ የሌለው | ከፈታችሁት | ትንንሹን | 2 ወይም 3 |
| የቀን ሠራተኛ | ዝቅተኛ | ፎቅ የሌለው | ካላዘዛችሁት አይነካውም | አይ | 2 ወይም 3 |
| አሸንዳ ሠሪ | መካከለኛ | እስከ ጂ ፕላስ ዋን፣ በቀበቶ | አዎ | አዎ | 1፣ ከዚያ ቀላል ጽዳት |
| የጽዳት ድርጅት | ከፍተኛ | ማንኛውም | በውሉ ከተጻፈ | አልፎ አልፎ | 1 ወይም 2 |
| የቧንቧ አፍ ቅርጫት | በጣም ዝቅተኛ | ማንኛውም | መደፈኑን ይቀንሳል | – | ዙሪያውን መልቀም አይቀርም |
| ሙሉ ወንፊት | መካከለኛ | ማንኛውም | በከፊል ይከላከላል | – | 1፣ ተፈቶ |
| ሁለተኛ መውረጃ ወይም መቀየር | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ | ማንኛውም | – | አዎ | ጽዳቱ አይቀርም |

እናንተስ የቱን?

በጀቱ ጠባብ ከሆነና ቤቱ ፎቅ ከሌለው፦ ራሳችሁ አጽዱ፣ የተረፈውን ለቅርጫቱ አውሉት። ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆች ብቻቸውን የሚኖሩበት ቤት ከሆነ መሰላሉን ደብቁባቸው። ልጆች ተራ ገብታችሁ ሥሩ፣ ወይም የምታውቁትን ሠራተኛ ላኩ።

ዝናብ ውኃ ወደ ሮቶ የምታጠራቅሙ ሰዎች መስፈርታችሁ ይጨምራል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ትልቅ ጥቅም ነው፣ ግን የእርግብ ኩስና የበሰበሰ ቅጠል ወደ ሮቶው ይገባል። ከክረምት በፊት በጎማ እስኪጠራ እጠቡ፣ የመጀመሪያውን ዝናብ ወደ ግቢ ልቀቁት፣ ሮቶው አፍ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት አድርጉ። ለልብስና ለጽዳት ይሁን፤ ሳይፈላና ሳይታከም አትጠጡት።

ኮንዶሚኒየም ላይኛው ፎቅ ያላችሁ ብቻችሁን አትክፈሉ። በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ጣሪያው የጋራ ነው፣ ጥገናውም የማኅበሩ ጉዳይ ነው። ሚያዝያ ላይ ለማኅበሩ በጽሑፍ አመልክቱ፣ የደብዳቤውን ቅጂ ያዙ። ምድር ቤት ያለው ጎረቤት «እኔን አያፈስብኝም» ቢል የመሠረቱን ነገር አስታውሱት።

ተከራይ ከሆናችሁ ጽዳቱ የማን እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ። ካልተጻፈ ሐምሌ ላይ መጨቃጨቅ ነው።

ውጭ አገር ሆናችሁ አዲስ አበባ ቤት ያላችሁ ደግሞ «ተጸድቷል» የሚል መልእክትና የንጹህ አሸንዳ ፎቶ አትቀበሉ። አጭር ቪዲዮ ጠይቁ፦ ባልዲው ከላይ ሲደፋ ጀምሮ ካሜራው ሳይቋረጥ ውኃው ከታች ሲወጣ። የሚወጣበት ቦታ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይራቅ፣ ወደ ቦይ ይግባ። ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ገብቶ ካያችሁ ወዲያው አስቁሙት። የጣሪያ ውኃ ጉድጓዱን በአንድ ክረምት ይሞላዋል፣ ሽንት ቤቱ ወደ ቤት ይመለሳል።

መቼ?

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ሰኔ 26 ይግባ እንጂ ዝናቡ ቀደም ብሎ ይጀምራል። ዋናው ጽዳት ከግንቦት አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ ይሁን፤ ቀደም ካላችሁ የባህር ዛፉ ቅጠል እንደገና ይሞላዋል። ዛፍ የከበበው ቤት በፍልሰታ አካባቢ፣ ብራ ሲሆን፣ የቧንቧው አፍ አንዴ ይታይ። ከመስቀል በኋላ ደግሞ ጭቃው ሳይደርቅ አውጡት። ይሄኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ግን ላሜራው በበጋ የሚበላው እርጥብ ጭቃ ታቅፎ ሲከርም ነው።

አሁን ሐምሌ ሆኖ እያፈሰሰ ከሆነስ?

በዝናብ ውስጥ አትውጡ። ውኃው አምፖል ወይም የመብራት ሽቦ አጠገብ ከሆነ የሚወርደው፣ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ። ኮርኒሱ ካበጠ ከስሩ ባልዲ አድርጋችሁ እብጠቱ መሀል ላይ በምስማር ትንሽ ቀዳዳ ብሱ፤ ውኃው በዚያ ቢወርድ ይሻላል፣ ካልሆነ ክብደቱ ሙሉውን ቁራጭ ያወርደዋል። ከዚያ ከመሬት ሆናችሁ የመውረጃውን የታችኛ ክርን ፍቱ። ብዙ ጊዜ የተወተፈው እዚያ ነው፣ ሲፈታ በአንዴ ይለቀቃል፤ ወደ ጎን ቁሙ፣ የሚወጣው ውኃ ኃይል አለው። ላዩን ለማየት ጠዋትን ጠብቁ። የአዲስ አበባ የክረምት ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ረፋዱ ላይ ቆርቆሮው ሲደርቅ አንድ ሰዓት ታገኛላችሁ፤ በዚያች ሰዓት የቧንቧውን አፍ ብቻ ክፈቱ፣ ሌላው ለብራ ቀን ይቆይ።